ሚስ ፓክማን፣ 1982፦ የጥገና ማስታወሻ

ግዢ

ማሽኑ ባሊ ሚድዌይ የተባለው ድርጅት የሠራው ሚስ ፓክማን ነው፣ የ1982 ሥሪት። ሳንቲም እየበላ የሚያጫውት አርኬድ ነው፤ ቢጫዋ ክብ ገጸ ባሕሪ ከመናፍስት እየሸሸች በመተላለፊያዎች ውስጥ ነጥብ ትለቅማለች። ሻጩ ያለው ፔንስልቬንያ፣ እኔ ሜሪላንድ። ማስታወቂያው «አይበራም፣ ኦሪጅናል፣ 800 ዶላር» ይላል።

አይበራም ያለውን ወዲያው አመንኩት። ኦሪጅናል ያለውን ግን በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ዛሬ ኤምዲኤፍ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን አስቆርጦ፣ ጎኑ ላይ ስቲከር ለጥፎ፣ ውስጡ 60 ጌም ያለበት የቻይና ቦርድ ከትቶ የድሮ ነው ብሎ መሸጥ ቀላል ሆኗል። ሰው እያወቀ ከገዛው ምንም ክፋት የለውም። ችግሩ በድሮው ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ስለዚህ ባትሪ ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ የጎኑን ስዕል ነው ያየሁት። ሚድዌይ በዚያን ጊዜ ጎኑን በስቴንስል ነበር የሚቀባው። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚነፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ በጥፍር የሚዳሰስ ትንሽ እርከን አለ። ባትሪውን ከጎን አጋድመው ሲያበሩበት ጥላው ይታያል። ስቲከር ከሆነ ሁሉም አንድ ወጥ ነው፣ የሚነሳውም ከጠርዝ ብቻ ነው። ይሄኛው እርከን አለው። ሰማያዊው ቀለም ጸሐይ በመታው በኩል ወደ ግራጫ ሄዷል፣ በሌላኛው በኩል ግን ገና ነው።

ጀርባው ላይ የሴሪያል ቁጥሩ ታርጋ አለ። ሳንቲም የሚገባበትን በር ስከፍት ደግሞ ውስጠኛው ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አገኘሁ። ከላይ ወደ ታች እያደጉ ይሄዳሉ። የሳንቲም ቆጣሪው ንባብ ናቸው። ማሽኑ ቡና ቤት ወይም ፒዛ ቤት ተቀምጦ ሳለ ባለቤቱ ሳንቲም ሊሰበስብ በመጣ ቁጥር ጽፏቸዋል። ይሄን ቅጂ የሚሠራ ሰው አያስብበትም። ልቤ ያኔ ገዛው።

አፌ ግን ዝም አለ። የታችኛው ክፍል ውሃ ጠጥቶ እንዳበጠ፣ የሳንቲም በሩ ቁልፍ በመሰርሰሪያ እንደተሰበረ እያሳየሁት 650 ዶላር ላይ ተስማማን። የቫን ኪራይና ነዳጅ 130 ዶላር። ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነ ያለ ጓደኛ አይሞከርም።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ይሄ ቁም ሳጥን የት ሊገባ ነው?» አለች። ቤዝመንት ገባ።

የእህቴ ልጅ ደግሞ «አጎቴ፣ አርኬድ ዋን አፕ አይሻልህም ነበር?» አለኝ። ልጁ ትክክል ነው። ከ2018 ጀምሮ የሚሸጡት እነዚያ ትንንሾቹ ቅጂዎች ሲጀመሩ ዋጋቸው ከ300 እስከ 400 ዶላር ነበር። በካርቶን መጥተው ቤት ይገጣጠማሉ። 17 ኢንች ኤልሲዲ አላቸው፣ ቁመታቸው ከድሮው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለአፓርታማ ጥሩ ናቸው። ማንንም ኤሌክትሪክ አይመቱም።

እዚህ አገር የድሮውን የሚሰበስብ ሰው አብዛኛው ልጅነቱን ነው የሚገዛው። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ ያየሁት ጆተኒ ነው፣ ቀጥሎ በሰዓት የሚከፈልበት ፕሌይስቴሽን ቤት። ሳንቲም የሚበላ አርኬድ በልጅነቴ አላየሁም። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው። አገር ቤት ሥራዬ ቲቪ ጥገና ነበር። ፒክቸር ቲዩብ ከገበያ ከጠፋ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቷል።

ሳይሰካ በፊት

የድሮ ማሽን ገዝቶ ቤት እንደገባ መሰካት የለም። መጀመሪያ ስፒናውን አየሁ። የመሬት እግሩ ተቆርጧል። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው የድሮ ሶኬት ውስጥ እንዲገባ ብለው ነው። የሳንቲም በሩ ብረት ነው፣ መቆጣጠሪያ ፓነሉ ብረት ነው፣ የሚነካው ልጅ ነው። አዲስ ስፒና ገባ። እሱ ቤት ውስጥ ነበረኝ።

ቀጥሎ ፊውዞቹ። ታች ትራንስፎርመሩ አጠገብ ተደርድረዋል። አንዱ በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሏል። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ፊውዝ ሲቃጠልበት መለዋወጫ ያልያዘ ሠራተኛ ያደረገው ነው። ማሽኑ ያን ምሽት ሠርቷል፣ ሳንቲም ሰብስቧል። ከዚያ በኋላ ግን የሚቃጠለው ፊውዙ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ሆነ። የትኛው እንደተቃጠለ መፈለግ የኔ ሥራ ነው።

ፊውዞቹን በሙሉ ክዳኑ ላይ በተጻፈው አምፔር ቀየርኩ፣ 6 ዶላር። ሞኒተሩንና ቦርዱን ነቅዬ ትራንስፎርመሩን ብቻ ሰካሁ። ቴስተሩ ላይ ሁሉም ቮልቴጅ በቦታው ነው። ሚድዌይ ትራንስፎርመር ላይ አልቆጠበም።

ሞኒተር

ኤሌክትሮሆም ጂ07፣ 19 ኢንች፣ በቁም የተገጠመ። ይሄን ቻሲስ፣ ማለት ቲዩቡን የሚነዳውን ሰሌዳ፣ አርኬድ የሚጠግን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፍላይባኩ፣ ማለት ለቲዩቡ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ትራንስፎርመር፣ ሟች ነው።

መጀመሪያ ቲዩቡ ውስጥ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ማራገፍ። ረጅም ካቻቢቴ፣ በሽቦ ከፍሬሙ ጋር የታሰረ፣ ከላስቲኩ ቆብ ሥር ይገባል። አንድ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሌላው ኪስ ውስጥ። ለዓመታት ያልተሰካ ስለነበረ ምንም ድምፅ አልሰጠም። ቢሆንም ሲሠራ ወደ 20 ሺህ ቮልት የሚይዝ ነገር ነው፣ በግምት አይነካም። ሌላው ነገር፣ የጂ07 ቻሲስ ያለ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር፣ ማለት ከግድግዳው መስመር የሚነጥለው ትራንስፎርመር ከሌለ፣ አይሰካም። ካቢኔቱ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ይሄን ሥራ ይሠራል። ቻሲሱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ በግድግዳ ሶኬት የሞከረ ሰው ግን ቻሲሱንም ራሱንም ያጠፋል።

ቴስተር ስይዝበት ፍላይባኩን የሚነዳው ሆሪዞንታል አውትፑት ትራንዚስተር ሾርት ነው። 5 ዶላር። ግን እሱ ብቻውን አይሞትም፣ የሚገድለው አለ። ስለዚህ አዲሱን ትራንዚስተር ገጥሜ በቀጥታ አልሰካሁም። አገር ቤት እንደምናደርገው የ100 ዋት አምፑል በፊውዙ ቦታ አስገባሁ። ሰርኪዩቱ ጤነኛ ከሆነ አምፑሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። አንድ ቦታ ሾርት ካለ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ትራንዚስተሩ ግን ይተርፋል። እዚህ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ ይገዛሉ። አምፑል ይበቃል።

ቦግ ብሎ ቀረ። ፍላይባኩን ከሰርኪዩቱ ነጥዬ ስሰካ ደበዘዘ። ገዳዩ ታወቀ።

እንግዲህ ቅጂ ዕቃ እዚህ ላይ ነው ነፍስ የሚዘራው። ኤሌክትሮሆም ይሄን ፍላይባክ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ዛሬ የሚገኘው በኋላ የተሠራ ቅጂ ነው፣ 44 ዶላር። እሱ ባይኖር ይሄ ሞኒተር ቆሻሻ ነበር። ከእሱ ጋር የካፓሲተር ኪት አዘዝኩ፣ 16 ዶላር። ኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮቹን በሙሉ ነው የቀየርኩት፣ ደህና የሚመስሉትንም ጭምር። 40 ዓመት ያለፈው ካፓሲተር ዛሬ ደህና ቢለካ ነገ አይታመንም። የፍላይባኩ እግሮች ሥር ያለው ሊድ ደግሞ ዙሪያውን ክብ ስንጥቅ ነበረው፣ በማጉያ መነጽር ነው የሚታየው። አሮጌውን መጥጬ በአዲስ ሊድ በየድኩ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ አምፑሉ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። አምፑሉን አውጥቼ ፊውዙን መለስኩ። የቢ ፕላሱን፣ ማለት የቻሲሱን ዋና የዲሲ ቮልቴጅ፣ 120 ላይ አስተካከልኩ። ቲዩቡ አንገት ውስጥ ብርቱካንማ ብርሃን መጣ፣ መስታወቱ ላይ ያለው አቧራ ተንጨጨ። ያቺን ድምፅ ናፍቄያት ነበር።

ከዚያ አጥፍቼ መስታወቱን ስወለውል አንድ ነገር አየሁ። ስክሪኑ ተቃጥሏል። ማለት፣ ለዓመታት አንድ ቦታ የቆመ ስዕል ፎስፈሩ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ጠፍቶም ይታያል። ይሄ የተለመደ ነው። ያልተለመደው ስዕሉ ነው። ሚስ ፓክማን አራት የተለያዩ ሜዞች፣ ማለት የመተላለፊያ ሜዳዎች፣ አሏት፣ የመጀመሪያው ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሻግሩ ሁለት መተላለፊያዎች አሉት። እዚህ የታተመው ላይ ያለው መተላለፊያ አንድ ብቻ ነው፣ መሀል ላይ። ይሄ ከእሷ በፊት የነበረው የፓክማን ሜዝ ነው፣ የ1980ው፣ የጃፓኑ ናምኮ ጌም።

ስለዚህ ቲዩቡ የመጣው ከሌላ ማሽን ነው። አንድ ቀን የእሷ ሞኒተር ሞቶ፣ ከቆመ ፓክማን ነቅለው ሰጥተዋታል። ያ «ኦሪጅናል» የተባለው ካቢኔት ልቡን ከሌላ የተዋሰ ነው። ሻጩ አላወቀም፣ እኔም ስገዛ አላየሁም። ቅር አላለኝም። ይሄ የሥራ ማሽን ነበር፣ የሙዚየም ዕቃ አልነበረም።

ቲዩቡን ልቀይር ወይስ ልተው? አንዱ አማራጭ 19 ኢንች ኤልሲዲ ከመቀየሪያ ሰሌዳ ጋር ነው። ቀላል ነው፣ አይቃጠልም፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ግን ጌሙ 224 በ288 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ኤልሲዲ ላይ ነጥቦቹ እንደ ሰድር ንጣፍ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ቲዩብ ላይ ይዋሃዳሉ፣ ቢጫዋ ክብ ትሆናለች። ስዕሉ የተሳለው ለዚህ ስክሪን ነው። ቲዩቡ ይቆያል፣ ከነጠባሳው።

ቦርድ

ሚስ ፓክማን የምትሠራው በፓክማን ቦርድ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ዝነኛ ሕመም አለው። ትራንስፎርመሩ 7 ቮልት ኤሲ በቀጥታ ወደ ቦርዱ ይልካል፣ ወደ ዲሲ የሚለወጠው እዚያው ቦርዱ ላይ ነው። ይሄ ሁሉ ኃይል የሚገባው ባለ 44 እግሩ ማገናኛ ላይ ባሉ ጥቂት እግሮች ነው። ይግላሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ከዚያ መገናኘት ያቆማሉ።

የኔም ጠቁሯል። ማገናኛውን ቀየርኩ፣ 13 ዶላር። የቦርዱን የመዳብ ጥርሶች በላጲስ ጠርጌ፣ የተበላሹትን በስስ ሊድ ቀባሁ። ማገናኛውን ሳይቀይሩ ጥርሱን ብቻ መቀባት ዋጋ የለውም። የለዘዘ ማገናኛ አዲሱንም ያቃጥላል።

ስሰካው ስክሪኑ በፊደልና በቁጥር ዝብርቅርቅ ተሞላ። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ያጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ዝብርቅርቅ።

እዚህ ጋ ታሪኳን ማወቅ ይጠቅማል። ሚስ ፓክማንን መጀመሪያ ያሰበው ናምኮ አይደለም፣ ሚድዌይም አይደለም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ጄነራል ኮምፒውተር የሚባል ድርጅት ያቋቋሙ፣ ኤምአይቲ የተባለውን ዩኒቨርሲቲ ትተው የወጡ ወጣቶች ናቸው። የሌላ ሰው ጌም ላይ የሚሰካ ማሻሻያ ሰሌዳ ይሠሩ ነበር። ሚሳይል ኮማንድ በሚባለው የአታሪ ጌም ላይ ሠርተው አታሪ ከሰሳቸው። በስምምነት ሲያልቅ ያለ አምራቹ ፈቃድ ኪት እንዳይሸጡ ተባሉ። በዚያን ጊዜ ለፓክማን የሠሩት «ክሬዚ ኦቶ» የሚባል ኪት በእጃቸው ነበር። ይዘውት ወደ ሚድዌይ ሄዱ። ገጸ ባሕሪዋ ተቀይራ፣ ሪባን ታስሮላት፣ ሚስ ፓክማን ሆና ወጣች። ከ100,000 በላይ ካቢኔት ተሸጠ።

ይሄ ሁሉ ቦርዱ ላይ በዓይን ይታያል። ታች ያለው የፓክማን ቦርድ ነው፣ የፓክማን ፕሮግራም ያለባቸው ቺፖች፣ ሮሞቹ፣ ተሰክተውበታል። ዜድ80 ፕሮሰሰሩ ግን ቦታው ላይ የለም። በቦታው ሰፊ ሪባን ኬብል ተሰክቷል። ኬብሉ ወደ ትንሽ ተጨማሪ ሰሌዳ ይሄዳል፣ ዜድ80ው እዚያ ነው ያለው፣ ከእሷ ሦስት ሮሞች ጋር። ማለት ሚስ ፓክማን ራሷ ቅጥያ ናት። ሁሉም ነገር ንጹሕ የፋብሪካ ካልሆነ ብለው የሚከራከሩ ሰብሳቢዎች ይሄን ቦርድ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ለጥገና ደግሞ ጥሩ ዘዴ ይሰጣል። ዜድ80ውን ከትንሿ ሰሌዳ ነቅዬ ታች ዋናው ቦርድ ላይ ሰካሁት፣ ትንሿን ጭራሽ አወጣኋት። ስሰካ ፓክማን ተነሳ። ስዕሎቹ የእሷ ናቸው፣ ምክንያቱም የስዕል ሮሞቹ ታች ናቸው። ጨዋታው ግን የእሱ ነው። ስለዚህ ዋናው ቦርድ ጤነኛ ነው፣ ሕመሙ ኬብሉ ወይም ትንሿ ሰሌዳ ጋ ነው።

ኬብሉን በቴስተር እግር በእግር ለካሁት። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ደህና ነው፣ ጎንበስ ሲል ሁለቱ ይቋረጣሉ። አዲስ የተሠራ ኬብል 22 ዶላር። ተሰካ፣ የመክፈቻው ዜማ ወጣ፣ አራቱ መናፍስት በተራ መጡ።

አንድ ነገር፦ ዋናው ቦርድ ላይ ካሉት የፕሮግራም ሮሞች አንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ፈጣን» ተብሎ ተጽፏል። ጌሙ በእርግጥም ይሮጣል። ማሽን የሚያከራዩ ሰዎች የለመደ ተጫዋች በአንድ ሳንቲም ብዙ እንዳይቆይ ይሄን ያስገቡ ነበር። መደበኛውን ሮም ላስገባ አሰብኩና የእህቴን ልጅ አስሞከርኩት። «አትንካው» አለኝ።

ስለ ቅጂዎቹ ካነሳን፣ የእሷ ጉዳይ ትንሽ የተለየ ነው። የጄነራል ኮምፒውተር ሰዎች ከእሷ የሚያገኙት የሮያልቲ ድርሻ ክርክር ነበረበት። በ2019 አትጌምስ የሚባል ድርጅት ሊገዛው ገብቶ ባንዳይ ናምኮ ከሰሰው። በ2022 ፓክላንድ የሚባለው የናምኮ ጌም እንደገና ሲወጣ ደግሞ ሚስ ፓክማን ከውስጡ ወጥታ «ፓክማም» የምትባል ሌላ ተተክታለች። በሶፍትዌር የሚሸጥ ነገር እንዲህ ነው፣ ባለመብቱ ሲፈልግ ይቀይረዋል። ቤዝመንት ያለውን ሮም መጥቶ የሚቀይር የለም።

እንጨት

ጎረቤታችን ቤት አባቷ ከአገር ቤት መጥተዋል፣ የድሮ አናጢ ናቸው። ጋሼን ቡና ጠርቻቸው አሳየኋቸው። የታችኛውን ክፍል በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፣ እንደ ዳቦ ገባ።

«ጋሼ፣ ሙሉ ጎኑን በአዲስ ባደርገውስ? ተቆርጦ የተዘጋጀ ይሸጣል።»

«ታዲያ ይሄን ስዕል የት ልትጥለው ነው?» አሉኝ። «የበሰበሰውን ብቻ ቁረጥ። ቺፑድ ውሃ ከጠጣ አይመለስም፣ ከላይ ያለው ግን ምን አደረገህ?»

ከታች አንድ ስንዝር ገደማ ቆረጥን። በቦታው ኮምፔርሳቶ ገባ፣ በኮላ፣ በሞርሳ ታስሮ አደረ። መጋጠሚያው ላይ ስቱኮ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። መጋጠሚያው ከውስጥ በኩል በግልጽ ይታያል፣ እንዲታይ ነው የተውኩት። ወደፊት ከኔ የሚገዛው ሰው እንዳይታለል።

ቀለሙ አስቸግሯል። ቲ ሞልዲንጉ፣ ማለት የእንጨቱን ጠርዝ የሚሸፍነው ፕላስቲክ፣ ሥር ጸሐይ ያልነካው ንጹሕ ሰማያዊ አግኝቼ ቀለም ቤት ወሰድኩት። በማሽን አንብበው ቀመሩልኝ። ሲቀባ አዲስ ጫማ ያደረገ አሮጌ ሱሪ መሰለ። ትክክለኛው የ1982 ቀለም ነበር፣ ግን የቀረው ካቢኔት 1982 ላይ አልቆመም። ሁለተኛውን የወሰድኩት ከጸሐይ ከተጎዳው በኩል ነው። እሱ ገጠመ። እንጨት፣ ኮላ፣ ሁለቱም ቀለሞች 58 ዶላር። ቲ ሞልዲንግ 27፣ የሚስተካከሉ እግሮች 12።

መቆጣጠሪያ ፓነል

ጆይስቲኩ ሌላ ችግር ነው። አንድ ጊዜ የነበረው ባለቤት ባለ 8 አቅጣጫ ገጥሞበታል። ሚስ ፓክማን የምታውቀው አራት አቅጣጫ ብቻ ነው። ማዕዘን ላይ ስትታጠፍ እጅ ትንሽ ካዘነበለ ሁለት ትእዛዝ አንድ ላይ ይሄዳል፣ እሷም ግድግዳ ላይ ትቆማለች፣ መንፈሱ ይደርሳል። ሰው ደግሞ ጥፋቱን ራሱ ላይ ያደርጋል።

የፋብሪካው ዓይነት ቅጠል ስዊች ያለው፣ ቀይ ኳስ ያለው ባለ 4 አቅጣጫ ቅጂ 42 ዶላር። አዲሶቹ ቀጭ የሚል ማይክሮ ስዊች ነው ያላቸው። ቅጠል ስዊች ዝም ይላል፣ ለእጅም ይለሰልሳል። የስዊቹ መነካኪያ ነጥቦች ከመጀመሪያው ቀን በደንብ አልነኩም ነበር፣ ቅጠሎቹን በፒንሳ ትንሽ ማጠፍ ነበረብኝ።

ፓነሉ ላይ ያለው ስዕል እስከ ብረቱ ተፍቋል፣ የሲጋራ ጠባሳ አለው፣ ዝገቱ እጅ ይቧጥጣል። ለባለ 8ቱ ሲባል የተበሱ ትርፍ ቀዳዳዎችም አሉ። እዚህ ላይ አልተከራከርኩም። ዝገቱን ፍቄ፣ ቀዳዳውን ሞልቼ፣ ቅጂ ኦቨርሌይ፣ ማለት ስዕል ያለበት ሽፋን፣ ለጠፍኩ፣ 55 ዶላር። እጅ የሚነካው ነገር ደህና መሆን አለበት።

ማርኪውን፣ ማለት ከኋላው የሚበራለትን የላይኛውን የስም ሰሌዳ፣ እና የስክሪኑን መስታወት ግን አልቀየርኩም። ቅጂያቸው ይሸጣል፣ ጥሩም ነው። ማርኪው አንድ ጥግ ላይ ቀለሙ ተልጧል፣ ከኋላው ብርሃን ሲበራ እዚያች ጋ ነጭ ነጥብ ይታያል። ይታይ። ከኋላ ያለው ባለ 15 ዋቱ ሸምበቆ አምፑል አለመሞቱ ነው የገረመኝ፣ የሞተው ስታርተሩ ነው። መሳቢያ ውስጥ አንድ ነበረኝ።

ሒሳብና የቀረው

የሳንቲም በሩ አዲስ ቁልፍ 8 ዶላር። ሁሉም ሲደመር 1,088 ዶላር። የሰውም የኔም ጉልበት አልተቆጠረም። በዚህ ብር አዲስ ቅጂ ገዝቶ የሚተርፍ አለው። ባለቤቴ ይሄን ደመራ እኔ ሳላነሳው ደምራዋለች።

ድምፁ ውስጥ ትንሽ እምምም የሚል አለ። ድምፅ መቀነሻው ከሳንቲም በሩ ጀርባ ያለው ፖት ነው፣ ስጠመዝዘው ይንቋቋል። ኮንታክት ክሊነር ረጭቼበታለሁ፣ መንቋቋቱ ቀርቷል። እምምምታው ግን አለ፣ ስለዚህ ከፖቱ አይደለም። ቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ የማጣሪያ ካፓሲተር ነው የምጠረጥረው። ለጊዜው ሌላ ካፓሲተር በጎኑ ይዤ ስሞክር ቀነሰ። በሚቀጥለው ትእዛዝ አብሬ አስመጣዋለሁ።